አምስት ዋትና አሥር ሜትር ሽቦ፦ ከቤት ውጭ ለሚሠራ የአማተር ሬዲዮ ስለሚሆኑ ቀላል አንቴናዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አድማጮች፤

አማተር፣ ማለትም ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ በሬዲዮ የሚነጋገር ሰው፣ አነስተኛ ኃይል ይዞ ከቤት ውጭ መሥራት ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛውን ሬዲዮ ቢገዛ እንደሚሻለው ነው። እኔ ግን ይህ ጥያቄ በቀረበልኝ ቁጥር ሽቦውን በምን ላይ ለመስቀል እንዳሰበ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ይህን የማደርገው ለማፌዝ አይደለም። ትንንሾቹ ሬዲዮዎች ሁሉም አምስት ዋት ሲያወጡ፣ ሩቅ ሆኖ የሚሰማን ሰው አንዱን ከሌላው ሊለይ አይችልም፤ በደንብ በተሰቀለና እንደ ነገሩ በተጣለ ሽቦ መካከል ያለው ልዩነት ግን የመሰማትና ያለመሰማት ልዩነት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ሽቦ ነው፤ ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ከፍታው፣ እንዲሁም ኃይላችን ሳናውቀው ስለሚፈስባቸው ቀዳዳዎች።

በአማተሮች ዘንድ ኪው አር ፒ የሚባለው አሠራር በሞርስ (ፊደላትን በአጭርና በረዥም ድምፅ በሚልከው ኮድ) ከ5 ዋት፣ በድምፅ ደግሞ ከ10 ዋት ያልበለጠ ኃይል መላክ ማለት ነው። የተለመደው የቤት ጣቢያ 100 ዋት ስለሚያወጣ 5 ዋት የዚያ አንድ ሃያኛ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ሲሰማም ያስፈራል። ይሁን እንጂ መቀበያ የኃይልን ልዩነት የሚያሳየው አንዱ ኃይል የሌላው ስንት እጥፍ እንደሆነ በሚለካው አሃድ፣ በዲሲቤል ነው፤ ከ100 ወደ 5 ዋት መውረድም 13 ዲሲቤል ነው። በመቀበያው መርፌ ላይ አንዱ የኤስ (የምልክት ጥንካሬ) ደረጃ 6 ዲሲቤል ተብሎ ስለሚሰላ፣ በ100 ዋት ኤስ 9 ሆኖ ይሰማ የነበረ ሰው በ5 ዋት ኤስ 7 ገደማ ሆኖ ይሰማል። ኤስ 7 ደግሞ ያለ ችግር የሚሰማ ምልክት ነው። እነዚህን 13 ዲሲቤሎች ወደንና ፈቅደን ትተናቸዋል። ችግር የሚፈጥሩት ሳንፈቅድ የምናጣቸው ሌሎች አራትና አምስት ዲሲቤሎች ናቸው፤ የ100 ዋቱ ሰው ቢያጣቸው ጉዳዩም አይደለ፣ እኛ ግን ከዳር ላይ ስለቆምን ይጥሉናል።

ሽቦን ሰቅሎ በሬዲዮ መነጋገር አዲስ ነገር አይደለም። ጉልየልሞ ማርኮኒ ታኅሣሥ 1901 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከእንግሊዝ ምዕራባዊ ጫፍ የተላከውን ምልክት ከ3000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ኒውፋውንድላንድ ላይ ሰማሁ ሲል፣ የመቀበያው አንቴና በካይት የተያዘ 150 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሽቦ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ሽቦውን በፊኛ ለማንሣት ሞክሮ ነፋስ ፊኛውን ይዞበት ሄዷል። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም ተራራ ላይ የወጣ አማተር ከሁሉ አስቀድሞ የሚታገለው ከዚሁ ነፋስ ጋር ነው። ሌላው ቀርቶ አሁን አዲስ ግኝት እየመሰለ የሚወራለት፣ ጫፉ ላይ ኃይል የሚሰጠው የግማሽ ሞገድ ሽቦ፣ በ1909 ከዜፔሊን የአየር መርከብ ሥር እንዲንጠለጠል ታስቦ የተፈጠረ አንቴና ነው።

አሁን ወደ ርዝመቱ እንግባ። 300ን በሜጋኸርዝ በተገለጸው ፍሪኩዌንሲ ብናካፍል የሞገዱን ርዝመት በሜትር እናገኛለን። በ14.060 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በ20 ሜትር ባንድ (የሞገዱ ርዝመት 20 ሜትር ገደማ በሆነበት የፍሪኩዌንሲ ክልል) አነስተኛ ኃይል ያላቸው የሞርስ ሠራተኞች በሚሰባሰቡበት ቦታ፣ ሙሉው ሞገድ 21.3 ሜትር፣ ግማሹ ደግሞ 10.67 ሜትር ይሆናል። ነገር ግን የሽቦው ጫፎች በሚያሳድሩት ተጽዕኖ ምክንያት እውነተኛው ሽቦ ከዚህ ወደ 5 በመቶ ማጠር አለበት። በተግባር 142.5ን በፍሪኩዌንሲው ማካፈል ይበቃል፤ ውጤቱ 10.13 ሜትር ነው። ይህን ሽቦ ከመካከሉ ቆርጦ ለሁለት በመክፈል፣ እያንዳንዱን ክንድ 5 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ከሬዲዮው የሚመጣውን ኬብል መካከሉ ላይ ማገናኘት ነው፤ ይኸው ዳይፖል የሚባለው አንቴና ነው። ትራንስፎርመርም ሆነ የመሬት ሽቦ ሳይፈልግ ከ50 እስከ 70 ኦም አካባቢ ኢምፒዳንስ (ከሬዲዮው ለሚመጣው ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ) ስለሚያሳይ፣ ለ50 ኦም የተሠራው ሬዲዮ በቀጥታ ይቀበለዋል።

ቀመሩ ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ሽቦው የፕላስቲክ ልባስ ካለው ከቀመሩ ጥቂት በመቶ ያጥራል፤ ጫፎቹ ወደ መሬት ከቀረቡም እንደዚሁ። ስለዚህ ክንዶቹን መጀመሪያ ከሚፈለገው በላይ አሥርና አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር አስረዝሞ መጀመር፣ ከዚያም ሰቅሎ መለካት ነው። ልኬቱ አንቴናው የተስማማው በ13.70 ሜጋኸርዝ ነው ቢለን፣ 13.70ን ለ14.06 ስናካፍል 0.974 እናገኛለን፤ ሽቦው በአጠቃላይ በ2.6 በመቶ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ክንድ በ13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማጠር አለበት ማለት ነው። እዚህ ላይ ፒንሳ ለማንሣት አትቸኩሉ። ጫፉን ወደ ኋላ አጥፋችሁ በራሱ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምዝዙትና እንደገና ለኩ። ታጥፎ ከሽቦው ጋር የተጠመዘዘ ትርፍ በአንቴናው ርዝመት ውስጥ እምብዛም አይቆጠርም፤ ነገ ደግሞ ድንጋያማ ቦታ ላይ ወይም ዛፍ ሥር ስትሰቅሉት ፍሪኩዌንሲው ሲሸሽባችሁ ፈትታችሁ ታስረዝሙታላችሁ። የተቆረጠን ሽቦ ያስረዘመ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም፤ ቀጥሎ ከመበየድ በቀር።

ስለ ሽቦው ውፍረት ብዙ ክርክር እሰማለሁ፤ አብዛኛው ውሃ አያነሣም። ዲያሜትሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ የመዳብ ሽቦ ለ20 ሜትር ባንድ ዳይፖል ብንጠቀም፣ በሽቦው ተቃውሞ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል 4 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ማንም በጆሮው ሊለየው አይችልም። ቀጭን ሽቦ ቀላል ስለሆነ ዘንጉን አያጎብጥም፣ በነፋስ አይገፋም፣ ቦርሳ ውስጥም ቦታ አይይዝም። ለእኔ ዋናው ነገር ሽቦው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ መሆኑ ነው፤ ባለ አንድ ክር ሽቦ መቶ ጊዜ ተጠቅልሎ መቶ ጊዜ ሲዘረጋ እዚያው መታጠፊያው ላይ ይሰበራል፤ ልባሱ ውስጥ ስለሚሰበር ደግሞ በዓይን አይታይም።

ከርዝመቱ ይልቅ ብዙ ልናስብበት የሚገባው ከፍታው ነው። አግድም የተዘረጋ ዳይፖል ከመሬት በላይ ግማሽ ሞገድ ያህል ሲሰቀል አብዛኛውን ኃይሉን ከአድማስ 30 ዲግሪ ገደማ ከፍ ባለ ማዕዘን ይልካል፤ ይህም የሬዲዮ ሞገድን ከሚያነጥረው የላይኛው የአየር ንብርብር፣ ከአዮኖስፌር ነጥሮ ሩቅ አገር ለመድረስ ደህና ማዕዘን ነው። ከፍታው ወደ ሩብ ሞገድና ከዚያ በታች ሲወርድ ግን አብዛኛው ኃይል ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይሄዳል። አሁን አሥር ሜትር የሚረዝም የፋይበር ግላስ ዘንግ ይዘናል እንበል። በ14 ሜጋኸርዝ አሥር ሜትር ግማሽ ሞገድ ነው፤ በ7 ሜጋኸርዝ ግን ያው አሥር ሜትር ሩብ ሞገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ዘንግ፣ ያው ገመድ፣ ያው ሰው ሆኖ ሳለ በ20 ሜትር ባንድ ሩቅ የሚደርስ፣ በ40 ሜትር ባንድ ደግሞ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያሉትን የሚያገለግል አንቴና አለን። ይህን የማያውቅ ሰው ባንዱን ይወቅሳል፤ የሚያውቅ ሰው ግን ጠዋት ለቅርብ ወዳጆቹ አንዱን፣ ከሰዓት በኋላ ለሩቁ ሌላውን ይመርጣል።

ሁለት ምሰሶ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ሰው ስለሌለ፣ ዳይፖሉን ከመካከሉ በአንድ ዘንግ ላይ ሰቅሎ ሁለቱን ክንዶች ወደ ታች ማዝመም የተለመደ ነው፤ ቅርጹ የተገለበጠ ቪ ይመስላል። በክንዶቹ መካከል ያለው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ እንዳያንስ መጠንቀቅ ይገባል፤ 120 ቢሆን ይመረጣል። ብዙው ኃይል የሚወጣው ከፍተኛው ኤሌክትሪክ ከሚፈስበት ከመካከሉ ስለሆነ፣ መካከሉ ከፍ ካለ የጫፎቹ ዝቅ ማለት ያን ያህል አይጎዳም። ማዝመሙ ኢምፒዳንሱንም ወደ 50 ኦም ያቀርበዋል። እኔ ራሴ ከሁሉ አብልጬ የምጠቀምበት ይህንኑ ነው፤ በእያንዳንዱ ክንድ አምስት ሜትር ላይ በእጅ የሚሰካና የሚነቀል ማያያዣ አድርጌበታለሁ። ማያያዣው ሲነቀል አንቴናው የ14 ሜጋኸርዝ ነው፤ ሲሰካ ክንዱ ወደ አሥር ሜትር ይረዝምና የ7 ሜጋኸርዝ ይሆናል፤ 21 ሜጋኸርዝ የ7 ሦስት እጥፍ ስለሆነም በዚያው ርዝመት በ15 ሜትር ባንድ ላይ በነጻ ያገለግላል። ጉዳቱ ባንድ ለመቀየር ተነሥቶ ወደ ሽቦው መሄድ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ቀዳዳዎቹ ስንመጣ፣ ትልቁ ቀዳዳ ኬብሉ ነው። ለተጓዥ የሚመከረው ቀጭኑ አር ጂ 174 ኮአክሲያል ኬብል በ14 ሜጋኸርዝ አሥር ሜትር ላይ የኃይላችንን ሩብ ያህል ይበላል፤ ወፈር ያለው አር ጂ 58 ግን የዚያን ግማሽ እንኳ አይበላም። ይህን ማወቅ ቀጭኑን ከነጭራሹ መጣል ማለት አይደለም፤ አምስት ሜትር የሚበቃበት ቦታ አሥር ሜትር አለመያዝ ማለት ነው።

ኬብል ስናነሣ ስለ ኤስ ደብልዩ አር፣ ማለትም ከላክነው ኃይል ምን ያህሉ ወደ ሬዲዮው እንደሚመለስ ስለሚያሳየው ቁጥር (1 ከሆነ ምንም አልተመለሰም)፣ አንድ ነገር መናገር ግድ ይለኛል፤ ምክንያቱም እኔንም አታሎኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ኮረብታ ላይ ወጥቼ አንቴናዬን ሰቅዬ ስለካው መርፌው 1.3 አለ። ደስ ብሎኝ ጥሪ ጀመርሁ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ጠርቼ አንድም ሰው አልመለሰልኝም፤ መቀበያውም ከወትሮው ጸጥ ያለ ነበር፤ እኔ ግን ጸጥታውን የቦታው ጥሩነት አድርጌ ቆጠርሁት። በመጨረሻ ኬብሉን ከአንቴናው ነቅዬ ጫፉን ባዶ አድርጌ ስለካ መርፌው ወደ ላይ እንደመወርወር 1.7 ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ናስትሮ ያልጠቀለልሁበት ማያያዣ ውሃ አስገብቶ ኬብሉን አበላሽቶታል። ኃይሉ ሲሄድ 6 ዲሲቤል፣ ከጫፉ ሲመለስም ሌላ 6 ዲሲቤል ከጠፋ፣ ወደ መለኪያው የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነ መለኪያው ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ኤስ ደብልዩ አር የሚነግረን ምን ያህል እንደተመለሰ ነው፤ ያልተመለሰው ወደ አየር ይሂድ ወደ ሙቀት አይናገርም። በሌላ በኩል 2 ለ 1 ያሳየ ጥሩ ሽቦ ከሚላክለት ኃይል የሚመልሰው 11 በመቶውን ብቻ ስለሆነ፣ ሬዲዮው እስከ ታገሠ ድረስ እንቅልፍ ሊያሳጣን አይገባም።

ጫፉ ላይ ኃይል የሚሰጠውን የግማሽ ሞገድ ሽቦ ብዙዎች ይወዱታል፤ አልፈርድባቸውም። አንድ ዛፍ ብቻ ባለበት ወይም ከገደል ጫፍ ላይ ስንሆን፣ የሽቦውን አንድ ጫፍ ወደ ላይ አውጥቶ ሌላውን እግራችን ሥር ማስቀመጥ የመሰለ ቀላል ነገር የለም፤ ከመካከል የሚንጠለጠል ኬብልም የለውም። 20.3 ሜትር ያህል ሽቦ በ7 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሞገድ፣ በ14 አንድ ሙሉ፣ በ21 አንድ ተኩል፣ በ28 ሁለት ሞገድ ስለሚሆን፣ አራት ባንዶችን ያለ ማያያዣ ያስገኛል። ዋጋው ግን ጫፉ ላይ ያለው ኢምፒዳንስ ነው፤ ከ2000 ኦም በላይ ይደርሳል። ይህን ወደ 50 ለማውረድ 49 ለ 1 የሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ በፌራይት (ማግኔታዊ ሴራሚክ) ቀለበት ላይ 2 ዙር ለሬዲዮው፣ 14 ዙር ለሽቦው ይጠመጠማል፤ የዙሮቹ ጥምርታ 7 ስለሆነ የ7 ካሬ 49 ነው። በመጀመሪያው ጥምጥም ላይ የሚጨመረው 100 ፒኮፋራድ ኮንዴንሰር ከፍ ያሉትን ባንዶች ያስተካክላል። ለአምስት ዋት ትንሽ ቀለበት ይበቃል፤ ነገር ግን ከረዥም ጥሪ በኋላ በጣታችሁ ንኩት። ከሞቀ ሙቀቱ የመጣው ከእናንተው አምስት ዋት ነው። ለመንካት ስትነሡ ታዲያ መጀመሪያ ማሰራጨቱን አቁሙ፤ በ2450 ኦም ላይ 5 ዋት 110 ቮልት ገደማ ስለሆነ የሽቦው ጫፍ ቆዳ ያቃጥላል።

የዚህ አንቴና አስተዋዋቂዎች የመሬት ሽቦ አያስፈልገውም ይላሉ። ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው ከወጣ ያን ያህሉ በሌላ በኩል መመለሻ መፈለጉ አይቀርም፤ እኛ ካልሰጠነው የኬብሉን ውጫዊ ሽፋን መመለሻ አድርጎ እስከ ሞርስ ቁልፋችን ድረስ ይመጣል። ከትራንስፎርመሩ ላይ ሁለት ሜትር ያህል ሽቦ ወደ መሬት መልቀቅ ለ7 ሜጋኸርዝ ይበቃዋል፤ በኬብሉ ላይ፣ ከሬዲዮው አጠገብ፣ ፌራይት ቀለበት ላይ አሥር ያህል ዙር መጠምጠም ደግሞ ቀሪውን ያግደዋል።

ርዝመቱ ከግማሽ ሞገድ ጋር ሆን ተብሎ እንዳይገጥም የሚደረግ ሽቦም አለ፤ ለምሳሌ 12.5 ሜትር፣ ከ9 ለ 1 ትራንስፎርመርና ከማስማሚያ (የአንቴናውን ኢምፒዳንስ ከሬዲዮው ጋር ከሚያስማማ መሣሪያ) ጋር። በብዙ ባንዶች ይሠራል፤ በአንዱም ግን እጅግ ጥሩ አይደለም። ማስማሚያ ያለው ሬዲዮ ለያዘ ሰው ከምንም ይሻላል እላለሁ፤ ከዚህ በላይ አላመሰግነውም። ቀጥ ብሎ የሚቆመው የሩብ ሞገድ ሽቦ ግን ሌላ ነገር ነው። በዘንግ ላይ ወደ ላይ የወጣ አምስት ሜትር ሽቦ፣ ከሥሩ በአራት አቅጣጫ ከተዘረጉ አምስት አምስት ሜትር ሽቦዎች ጋር፣ ወደ አድማስ ዝቅ ብሎ ይልካል፤ በተለይ የጨው ውሃ ዳር ከቆመ ከዚህ ያማረ አንቴና በቦርሳ አይገባም።

የትኛው እንደሚሻል በጆሮ ብቻ መፍረድ ያሳስታል፤ አዮኖስፌር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከአንቴናዎቻችን ልዩነት በላይ ሊለዋወጥ ይችላልና። በዚህ ረገድ በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጆ ቴይለር በ2008 ያወጣው ዊስፐር የተባለው ፕሮግራም ትልቅ ውለታ ውሎልናል። ጣቢያችን ለሁለት እኩል በሚካፈሉ ደቂቃዎች (0፣ 2፣ 4 እያለ) ላይ ጀምሮ ለሁለት ደቂቃ ያህል መለያውን ይልካል፤ የሰሙት ጣቢያዎች ደግሞ በስንት ዲሲቤል እንደሰሙን በኢንተርኔት ይመዘግባሉ። ሁለት አንቴናዎችን እያቀያየሩ አንድ ሰዓት መላክና የዚያኑ ጣቢያ መዝገቦች ማነጻጸር ከመቶ ክርክር ይሻላል። የእኔ የተገለበጠ ቪ ዝቅ ብሎ ከተዘረጋው ሽቦዬ ምን ያህል እንደሚበልጥ ያመንሁት በዚህ መንገድ ነው።

ሽቦ መስቀል ከዛፍ ጋር ከሆነ፣ አሸዋ የተሞላች ትንሽ ከረጢት በቀጭን ሲባጎ ጫፍ አስሮ ቅርንጫፍ ላይ መወርወር ነው። ሲባጎው መሬት ላይ በተዘረጋ ጨርቅ ላይ ልቅ ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ ተጠቅልሎ ከተያዘ ከረጢቷ መንገድ ላይ ቆማ ወደ ወርዋሪው ትመለሳለች። ከመወርወራችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ። የኤሌክትሪክ መስመር ያለበት አካባቢ፣ ከዛፉ ባሻገርም ቢሆን፣ ሽቦ የሚሰቀልበት ቦታ አይደለም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። የሩቅ ነጎድጓድ በተሰማ ጊዜም ሬዲዮውን ነቅሎ ከዘንጉ መራቅ ነው፤ የተጀመረው ንግግር ቢቋረጥ የሚቀየም አማተር የለም።

ሥራው ሲያልቅ ሽቦውን በእጅ ላይ እንደ ገመድ አትጠቅልሉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲዘረጋ ይጠላለፋል። በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ወይም በእንጨት ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ ጠቅልሉት፤ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ጥምዝ ስለሚፈታ ሲሳብ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሲባጎውን ከዛፉ ስታወርዱ ደግሞ ከረጢቷን መጀመሪያ ፍቱና ቋጠሮ የሌለበት ባዶ ጫፍ ቅርንጫፉን እንዲያልፍ በሌላው በኩል ሳቡት፤ ቋጠሮ ያለበት ጫፍ ቅርንጫፍ መጋጠሚያ ላይ ይያዝና ሲባጎውን ለዛፉ ትታችሁ ለመሄድ ትገደዳላችሁ።